ከሁክ የሚነሣው የቀን መርከብ

ምስጢር እኔ ዘንድ አያድርም። ይህን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለቤቴ ሰገነት ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ታውቀዋለች። ለልደቷ ስጦታ ገዝቼ ከገባሁ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «ምንድነው ያመጣህልኝ?» ትለኛለች። እህቷ ድንቅነሽ ይህን እያወቀች ያን የመሰለ ነገር ለኔ መስጠቷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ግን ለማን ትስጥ? ሌላ ሰው አልነበራትም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1986፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሊደርስ ሲል ነው። ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ካንቲን ወጥ ቤት ነበር የምሠራው። ሾርባ እያማሰልኩ ሳለ አለቃዬ «ከእንግሊዝ አገር ስልክ አለህ» አለኝ። ድንቅነሽ ነበረች፤ ለንደን የምትኖረው የሰገነት ታላቅ እህት። ሥራ ቦታዬ ደውላልኝ አታውቅም።

«አድማሴ፣ ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

«ሾርባ አለ እንጂ ሰው የለም። ምን ሆነሻል?»

«እማዬ ዐረፈች። ከአዲስ አበባ ደውለው ነገሩኝ። ተቀብራለች።»

እማማ ጥሩአየሁ! «ይሄ ልጅ ቀልቃላ ነው፤ ግን ክፋት የለበትም» ብለው ልጃቸውን የሰጡኝ አማቴ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሥራ የለውም፣ አያዛልቅም እያለ ፊት ሲነሣኝ እሳቸው ብቻ ናቸው ከጎናቸው ያስቀመጡኝ። ማማሰያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አለቃዬ ሽንኩርቱ መስሎት በሩን ከፈተልኝ።

«አሁን ስማኝ» አለች ድንቅነሽ። «ሰገነት እንዳትሰማ። አንተም እንዳትነግራት። ይዘሃት ና። እኔ ቤት፣ ዘመድ ባለበት፣ በወጉ ይነገራታል። እሷ እስክትመጣ እኔም አላለቅስም፤ ውጬው እቀመጣለሁ።»

«ምን ብዬ ነው የማመጣት?»

«ለዕረፍት፣ ለቫካንሲ በላት። እናንተ አገር ሰዉ ሁሉ በመኪና ይሄድ የለም እንዴ?»

እሷ ወደኛ እንዳትመጣ የያዛት የስደተኛ ወረቀቷ ነው፤ ቪዛው እስኪደርስ ክረምቱ ይገባል። እኛ ግን አምና የሆላንድ ፓስፖርት አግኝተናል፣ አንዲት አሮጌ ኦፔል መኪናም አለችን። ስለዚህ ነገሩ የኔው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

እዚህ አገር ሞት የሚነገረው በስልክ ነው። ሰገነት የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ነርሷ ለልጃቸው ትደውልና ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። ሰገነት ይህን ስታወራ ፊቷ ይለዋወጣል። ምክንያት አላት። አባቷ ያረፉ ጊዜ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትራም ማቆሚያ ላይ እንደቆመች አንድ ያገራችን ሰው፣ የሰማች መስሎት፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት። «ለምኑ?» አለችው። ሰውየው የሚገባበት ጠፋው። እሷ እዚያው ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ትራሙ ቆመ፣ ፈረንጁ ከበባት፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ አነሷት፣ ውሃ ሰጧት፤ አብሯት የሚያለቅስ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ስደርስ እንባዋ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህቺ ሴት ሁለተኛ መርዶ መንገድ ላይ አትሰማም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ስለዚህ ዘመቻዬን ጀመርኩ። ወሬው በየት በኩል እንደሚሾልክ ስለማይታወቅ ዴን ሃግና ሮተርዳም ላሉት ወዳጆቻችን አንድ በአንድ ደወልኩ። ለጓደኛዬ ለማንደፍሮ፣ ለሚስቱ ለአበባ፣ ለሽማግሌያችን ለአቶ ገብረሥላሴ፣ ለቀሩትም። ለሁሉም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ «ሰገነት አልሰማችም። ስለ እናቷ ምንም ነገር እንዳታነሡ።» ሁሉም ካዘኑ በኋላ እሺ አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። እየመጡ ጠየቁን፣ ዶሮም ኬክም አመጡ፣ የአንዱንም አፍ አላዳለጠውም። እኔ በሥራዬ ኮራሁ። ምስጢር የማያድርበት አድማሴ የሁለት ከተማ ሰው አፍ ዘጋ አልኩ።

ሰገነት ቫካንሲ ስላት በደስታ ዘለለች። የተከራየነውን ቤት ደረጃ የሚጋሩን ጎረቤቶች በየዓመቱ ድንኳናቸውን መኪና ላይ ጭነው ሲሄዱ እኛ መስኮት ላይ ቆመን እጃችንን ስናወዛውዝ ነው የኖርነው። ልጃችን አፀደ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዕረፍት መልስ ጓደኞቿ ስለ ፈረንሳይ ሲያወሩ እሷ ስለ ሰፈራችን መጫወቻ ሜዳ ታወራለች።

«ሜት ደ ቦት?» አለች አፀደ። በመርከብ ነው ወይ ማለቷ ነው። «ፓፓ፣ አንተ ነህ እስከ መርከቡ ውስጥ የምትነዳው? ኤክት?»

«አዎ፣ የምሬን ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

በየትኛው መርከብ እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር። የጉዞ ወኪሉ ቤት ያለችው ልጅ ፎልደር የሚሏቸውን የጉዞ ማስታወቂያዎች እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደረችልኝ። አንዱ ከሮተርዳም ተነሥቶ ሃል የሚባል ከተማ የሚያደርስ ነው፤ አልጋ አለው፣ ተኝተው ይሄዱበታል፤ ሃል ግን ከለንደን ሩቅ ነው። ሁለተኛው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ከሁክ ፋን ሆላንድ፣ ጠዋት ተነሥቶ አመሻሽ ላይ እንግሊዝ አገር ሃርዊች ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነው። ሦስተኛውን ቤልጂግን አቋርጠው ፈረንሳይ ካሌ ድረስ ነድተው ነው የሚሳፈሩት። እዚያ ባሕሩ ጠባብ ነው፤ ሻይ ጠጥተው ሲነሡ ዶቨር ደርሰዋል።

እኔ ካሌን መረጥኩ። ማንደፍሮ ነው ያስጠነቀቀኝ። «ለንደን የሚሄድ ያገራችን ሰው ሁሉ ከሁክ ነው የሚሳፈረው» አለኝ። «አንዱ ሰምቶ ከሆነና እዚያ ቢያገኛትስ? መርከብ ላይ ደግሞ ወዴት ይሸሻል?» ትራም ማቆሚያው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደግሞም የራሴን ፊት አላምነውም። መኪና የሚነዳ ሰው መንገዱን ነው የሚያየው፤ መርከብ ላይ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ መዋል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ታነበኛለች።

ደግነቱ ሰገነትም በካሌ ተስማማች። ባሕር ያጥወለውላታል። ስኬፈኒንገን ባሕር ዳርቻ ላይ ቆማ ማዕበሉን በማየት ብቻ ሎሚ የምታሸት ሴት ናት። «አጭሩ ይሁንልኝ» አለች። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ከሥራ ስገባ ፎልደሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«በሁክ ነው የምንሄደው» አለች። «በቀኑ መርከብ።»

«ምን ነካሽ? ያጥወለውልሻል እኮ!»

«ያጥወልውለኝ።»

«አፀደ እኮ በካሌ ብንሄድ ቤልጂግን ታያለች።»

«ቤልጂግ ምን አለው?» አለች።

ተናደድኩ። ሴትዮዋ ትናንት አጭሩ ይሁን ብላ ዛሬ ረጅሙን ትላለች፤ እኔ ለሷ ብዬ ሆዴ እያረረ እሷ በፎልደር ታጫውተኛለች። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የመኪናውን ጎማ፣ የማዕበሉን ከፍታ፣ መርከብ ላይ ትውኪያ ያጣደፋትን የማንደፍሮን አክስት ሳይቀር አነሣሁ። ሰገነት ሰምታ አስጨረሰችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«አድማሴ፣ አንድ ቀን ሙሉ ባሕር ላይ መዋል እፈልጋለሁ» አለች። «እዚህም ሳልሆን እዚያም ሳልሆን። እባክህ ይሄን አትከልክለኝ።»

ሰገነት ታዛለች እንጂ አትለምንም። በትዳራችን «እባክህ» ያለችኝን ጊዜ በጣቴ ልቆጥረው እችላለሁ። በማግስቱ ሄጄ የሁኩን ቲኬት ቆረጥኩ።

ከመነሣታችን በፊት ጥቁር ክራባቴን በፌስታል ጠቅልዬ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ደበቅሁት። ለንደን ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ባዶ አንገቴን እንዳልሆን ነው። እዚያ ማንም አይደርስበትም ብዬ እንደገና ኮራሁ።

የተሳፈርነው ዓርብ ነው። ሰገነት ጾሙን አስባ ምስር በዳቦ ጠቅልላ ይዛለች። አፀደ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ትሮጣለች። እኔ የመርከቡን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። ጠቆር ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ የሱሪናም ሰው ሆኖ ሲገኝ እግዜርን አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ ሰገነትን ያለ ምክንያት ከወንበሯ አስነሥቼ ቦታ አስቀየርኳት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ነፋሱ ይበርድሻል ብዬ ነው።»

«ነፋሱ ነው ደህና ያደረገኝ። ተወኝ።» ፊቷ ቅጠል መስሏል፤ ሎሚዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። ግን ፈገግ ብላ አፀደን ታያለች። ጸጉሯን ሠራችላት፣ ፈታችው፣ እንደገና ሠራችላት። የሕፃን ተረት ነገረቻት። አይስክሬም አስገዛችላት። እንዲህ ተረጋግታ ስትውል አይቼ አላውቅም፤ እኔም ትንሽ ልቤ አረፈ።

ከምሳ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ከወዲያኛው የመርከቡ ጫፍ ሲመጡ ያየሁት። አቶ ወልደየስ ናቸው፤ ሮተርዳም፣ ዙይድ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የድሮ መርከበኛ። በዓል ሲሆን ብቻ ነው የምናገኛቸው፤ ስልክ የላቸውም። ለዓለም ሁሉ ስደውል እሳቸውን ረስቻለሁ! ከሌላ ሰው ሰምተው ይሆን? ሰገነትን ሲያዩ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ወደኛ መጡ።

አለቀልን አልኩ።

ሮጥኩ ማለት ይቻላል። «አቶ ወልደየስ! ኑ፣ ኑ፣ እዚያ ቡና ልጋብዝዎ!» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የመርከብ ገመድ ሲጎትቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገፋ አድርገውኝ አለፉ።

«ሰገነት! ልጄ!» ብለው አቀፏት። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፣ ደግመው ተሳሳሙ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? ልጅቷ አደገች? ሥራሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ይመስገን። ለመሆኑ እናትሽስ? እናትሽ እንዴት ናቸው?»

አልሰሙም። ሰውዬው ምንም አልሰሙም። ከጭንቀቴ የተነሣ የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዤ ቆምኩ። ሰገነት እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ደህና ናት» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ናት። ትንሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ።»

«ዕድሜ ነዋ!»

«ዕድሜ ነው። ግን አታርፍም። አሁንም የጓሮውን ጎመን ራሷ ነው የምትተክለው። የጎረቤት ዶሮ ገብታ ስትጭርባት አጥር ላይ ወጥታ ትጣላለች። ባለዶሮዋ ደግሞ የክርስትና ልጇ ናት፤ ከሰዓት በፊት ተሰዳድበው ከሰዓት በኋላ አብረው ማኅበር ይሄዳሉ።»

አቶ ወልደየስ ከልባቸው ሳቁ። ሰገነትም ሳቀች። ስለ እናቷ ማውራቷን አላቆመችም፤ ስለ ቁጣቸው፣ ስለ ወጣቸው፣ በአባቷ ላይ እንዴት አድርገው ይቀልዱ እንደነበር። ሽማግሌው እጃቸውን እንደያዘች ቆመው አዳመጧት። በመጨረሻ «ሰላም በይልኝ» አሉ።

«እላታለሁ» አለች።

ባርኔጣቸውን አድርገው ጋደም ሊሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ሰገነት ወደ ባሕሩ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ሰገነት? አጥወለወለሽ?»

«እንዴት ደግ ሰው ናቸው» አለች። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። «ስንት ጊዜዬ! አንድ ሰው እኮ አልጠየቀኝም፣ አድማሴ። አንድ ሰው።»

ምን እንደምትል ገባኝ።

«መጀመሪያ አበባ ደወለች» አለች። «ስለ ወገቤ ጠየቀችኝ፣ ስለ አፀደ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጎረቤታችን ድመት ሳይቀር። እማዬን ዘለለቻት። ረስታ ነው አልኩ። ማንደፍሮ መጣ፤ ዘለለ። እሑድ አቶ ገብረሥላሴ ደወሉ። አቶ ገብረሥላሴ! የሰውን ላም ሳይቀር በስሟ ጠርተው የሚጠይቁ ሰው እናቴን ዘለሏት። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ማታ አንተ መጣህ። አንተም አልጠየቅከኝም።»

«እኔ እኮ ነኝ ስለሷ ምንም አታንሡ ያልኳቸው» አልኩ። ድምፄ አልወጣ አለኝ። «የትራሙ እንዳይደገምብሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ለኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ክራባትህንም ከጎማው ሥር አውጥቼዋለሁ። ግራሶ ሊነካው ነበር። ሻንጣው ውስጥ ከጥቁር ቀሚሴ ጋር ጠቅልዬዋለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። እዚያው ነፋሱ ላይ ተያይዘን ቆምን። የኔ ነገር! ፊቴን ስጠብቅ የሰነበትኩት ለማን ነው?

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ቤትሽ አታለቅሺም ነበር?»

«ድንቄ ታላቄ ናት። ለቅሶዋን ውጣ እየጠበቀችኝ ነው አይደል? እሷ አለሁልሽ ሳትለኝ ብቻዬን አልቅሼ ልጨርስ? ለአባዬ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ይበቃኛል። እሷም እንዳታውቅ። ትንገረኝ። የመንገሩ ወግ የሷ ነው።»

«መርከቡስ? ይሄ ሁሉ ማቅለሽለሽ ለምን አስፈለገ?»

ወደ አፀደ ተመለከተች። ልጅቷ ከሌሎች ልጆች ጋር ገጥማ የባሕር ወፍ በዳቦ ትጠራለች።

«ለንደን ስንደርስ እናት የሌለኝ ሰው እሆናለሁ» አለች። «ቤት ብውል ሁላችሁም ዓይን ዓይኔን ታዩኛላችሁ። እዚህ የሚያውቀኝ የለም አልኩ። አንድ ቀን ከነእናቴ፣ ልጄን ይዤ ልዋል አልኩ። አፀደም አንድ ቀን ቫካንሲ ትይ፤ ከዛሬ ወዲያ የምታየው ልቅሶ ነው። በካሌ ብንሄድ ቶሎ ያልቅብኝ ነበር።»

ምስሩን በዳቦ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አልበላውም ብላ ለኔ መለሰችው፤ እኔ በላሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከዚያ በኋላ ተደግፋኝ ተቀመጠች። ስለ እናቷ አወራችኝ። እኔም ስለ አማቴ የማውቀውን አወራኋት፤ ያን ቀን ሾርባው ላይ ማልቀሴን ጭምር። ባሕሩ ትንሽ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ኬይክ ማማ! ላንድ!» ብላ አፀደ እየሮጠች መጣች። «ተመልከቺ፣ መሬት!»

እውነትም በስተፊታችን ቀጭን መስመር ይታያል። ድምፅ ማጉያው መኪና ያላቸው ወደ ታች ይውረዱ አለ። ሰዉ ሁሉ ቦርሳውን እየያዘ ወደ ደረጃው ተጋፋ። እኔም ቁልፌን አወጣሁ። ሰገነት ግን አልተነሣችም።

«ቆይ» አለች። «መኪናው ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንተም ጠይቀኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ውሸት የማይሆንልኝ ሰውዬ! ቢሆንም ተነሣሁ፤ እንግዳ ሰው እንደሚያደርገው ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እንዴት ነሽ ሰገነት?» አልኳት። «ደህና ነሽ ወይ? እማማ ጥሩአየሁስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን። ሁልጊዜ ትጠይቅሃለች። ያ ቀልቃላ እንዴት ነው ትላለች።»

«ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አለች። «እልልሃለሁ።»

ከዚያ አፀደን በአንድ እጇ እኔን በሌላው ይዛ ደረጃውን ወረደች። የመርከቡ በር ሲከፈት የእንግሊዝ አገር የማታ ፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ገባ። በግራ በኩል መያዝ እንዳትረሳ አለችኝ። በግራ ያዝኩ። ከፊታችን መንገዱ ባዶ ነበር፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ ነፉብኝ። ይንፉ አልኩ፤ ለንደን እስክንደርስ ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ።